ጋጋሪው ያልዋጠው ዳቦ

ጋሽ እርሾ ዳቦ መብላት ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሚስቱም ብትሆን። መጋገሩን ግን አላቆመም፤ እንዴት ብሎ ያቁም? ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው፣ ጎጆ የወጣበት ነው፣ ይህን ቅጽል ስም ያተረፈውም የነካው ሊጥ ሁሉ ኩፍ ስለሚልለት ነው። ታዲያ ዳቦ የማይበላ ዳቦ ጋጋሪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም ሰምቶ አያውቅም። ሐፍረቱ ከዚያ ነው የመጣው።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ የማይፈርስ ደንብ አለ። ከምድጃው የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ ዋናው ጋጋሪ ሳይቀምሰው ሱቁ አይከፈትም። ሠራተኞቹ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት እንደለበሱ ይቆማሉ፤ እሱ ይቆርሳል፣ ያሸታል፣ ያላምጣል፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ «በሉ ክፈቱ!» ይላል። ውጭ የተሰለፈው ሰው ያችን ድምፅ ነው የሚጠብቀው። ጋሽ እርሾ ግን ያላመጠውን አይውጠውም። ወደ ምድጃው ዞር ይልና ላቡን የሚጠርግ መስሎ የሽርጡን ጫፍ ወደ አፉ አስጠግቶ እዚያው ትፍት ያደርገዋል። ከዚያ ወዲህ ሽርጡን ራሱ ማጠብ ጀመረ። ሚስቱ «ካልሲውን አጥቦ የማያውቅ ሰው ምን ነካው?» ብላ ለጎረቤት አወራች፤ ጎረቤትም ቀናባት።

ነገሩ የጀመረው ከሆዱ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ይቆርጠዋል። ሊጥ እየከፋፈለ ቆይቶ ድንገት ሁሉን ጥሎ ወደ ጓሮ መጸዳጃ ይበራል። አቡኪው ደግሞ አፉ ለከት የለውም፤ «ጋሼ፣ ለሩጫ ውድድር ቢመዘገቡ እኮ ዋንጫው የኛ ነበር!» ይለዋል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ ከጥርስ አያልፍም። አንድ ጊዜ እህቱን ሊያስታምም ሄዶ ሩዝና ድንች እየበላ ሰነበተ። ሆዱ ጸጥ አለ። ተመልሶ አንድ ዳቦ በሻይ ቢበላ፣ በማግስቱ ያው ጓሮ! ሞኝ አይደለምና ገባው። ግን ምን ይበል? «ይህ ዳቦ እኔን ይጥለኛል፣ እናንተ ግን ግዙኝ» ይበል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዳቦውን በስውር ተወ።

ነገሩ በእሱ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ የራሱ ጉዳይ ብለን በተውነው። ልጅ አለችው እንጂ። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከእኩዮቿ ጋር ስትቆም ታናሻቸው ትመስላለች፣ እጅና እግሯ ክር፣ ሆዷ ብቻ ወደ ፊት ገፋ ያለ። ዳቦ ሲቀርብ ፊቷ ይጠቁራል። «አባዬ፣ ሆዴን ያመኛል» ስትለው፣ ይሄ ሰው ምን እንደሚላት ታውቃላችሁ? «የጋጋሪ ልጅ ዳቦ ጠላች ሊሉሽ ነው? ብዪ!» ይላታል። በወተት እየነከረ ያጎርሳታል። ጠልቷት እንዳይመስላችሁ፤ የዓይኑ ብሌን ናት። ግን የእሷ ሕመም የእሱ ሕመም ከሆነ የሸሸገው ሁሉ አደባባይ ሊወጣ ነው። ስለዚህ «ልጅ ምግብ ይመርጣል» ብሎ ራሱን አሳመነ። እሷ ያጎረሳትን ሁሉ ትውጠዋለች፤ እንደ እሱ መትፋት አታውቅ።

አንድ ቀን የዱቄት ጆንያ ሲያነሳ ዞረበትና ወደቀ። ሚስቱ እንደ ሕፃን እጁን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ በዕድሜ ታናሽ እህቱን የምታህል፤ ስለ ሰገራው ቀለምና ስለ ሽታው ስትጠይቀው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለ። «ደምዎ በጣም አንሷል» አለችው። «አንዳንድ ሰው አለ፣ ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ነገር አንጀቱን የሚጎዳው። ሲሊያክ ይባላል። ቤተሰብ ውስጥም ይተላለፋል። ደምዎን እንመረምራለን፣ ከአንጀትዎም ትንሽ ናሙና እንወስዳለን። አንድ ነገር ግን አለ፤ ምርመራው ልክ የሚሆነው ሰውየው ዳቦ እየበላ ከሆነ ነው። ካቆመ አንጀቱ እያገገመ ይሄድና ውጤቱ ያሳስተናል። በየቀኑ ይበላሉ አይደል?»

እሱ አፉን ሳይከፍት ሚስቱ ሳቀች። «ዶክተር ደግሞ! ዳቦ ጋጋሪ እኮ ነው፤ እሱ ያልበላ ማን ሊበላ ነው?»

«እንዴታ!» አለ እሱም። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ አንዷ ቃል በቂ ነበረች።

ውጤቱ ሲመጣ ደሙ ላይ የሚፈለገው ነገር ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ትንሽ ብቻ። የአንጀቱ ናሙናም ቆጣ ያለ ነገር ይታይበታል፣ ግን እንዲህ ነው ብሎ አፍ ሞልቶ የሚያናግር አይደለም። ዶክተሯ ደጋግማ አየችው። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ግራ ገብቶኛል» አለች። «አዎም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም። ግን በየቀኑ ዳቦ የሚበላ ሰው በሽታው ቢኖርበት ይህን ያህል ብቻ አይታይበትም ነበር። ስለዚህ ይሄኛውን ትተን ሌላ ምክንያት እንፈልግ።»

«ልጃችንስ?» አለች ሚስቱ። «እሷም ሆዴን ትላለች። ማደግም እምቢ ብላለች።»

«አባቷ ላይ ካልተገኘ ለጊዜው እሷን በመርፌ አናስጨንቃት። ደህና አድርጋ ትብላ፤ ወተቱንም፣ ዳቦውንም።»

መናገር ከነበረበት እዚያች ወንበር ላይ ነበር። ሚስቱን አያት፤ ዶክተሯን አያት። ከዚያ ምን አደረገ? ኮቱን አንስቶ «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ብሎ ወጣ። አይ ወንድነት!

ሚስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም ያዘዘው ነው ብላ ሥራዬ ብላ ያዘችው። ጠዋት ዳቦ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳቦ፣ ለምሳ ዕቃዋም ዳቦ። ልጅቷ አንድ ጊዜ ጉርሻዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች አባቷን ቀና ብላ አየችውና «አባዬ፣ አንተን አያምህም?» አለችው።

«አያመኝም» አላት። ያን ቀን ማታ ራት አልበላም፤ ራሴን አሞኛል ብሎ ተኛ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከትምህርት ቤት ተጠራ። አስተማሪዋ በር ላይ ነበር የጠበቀችው፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷን ክፍል ውስጥ ተቅማጥ እንዳመለጣት፣ ልጆቹ እንደሳቁባትና መጸዳጃ ቤት ገብታ አልወጣም ማለቷን ነገረችው። ጋሽ እርሾ በሩን ቀስ ብሎ አንኳኳ። «እኔ ነኝ፣ የኔ እናት» አላት። መቀርቀሪያው ተከፈተ። ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ ጥግ ይዛ ቆማለች፤ ልቅሶዋን ጨርሳ ሳግ ብቻ ነው የቀራት።

«አባዬ ይቅርታ» አለችው። «ዳቦውን ግን ጨርሼዋለሁ።»

አንጀቱ ተቆረጠ። ያን ሁሉ ዓመት ወደ ጓሮ ሲሮጥ፣ ሲስቁበት፣ እንደዚያ ያለ ሐፍረት ተሰምቶት አያውቅም። በኮቱ ጠቅልሎ አቀፋት። ቤት ወስዶ አጠባት፣ ልብሷን ቀየረላት፤ ሚስቱ «ምን ሆናችሁ?» ስትል «ተከተይኝ» ብቻ አላት። ሦስቱም ክሊኒኩ ገቡ። ልጅቷን ነርሷ ጋር ትተው ዶክተሯ ፊት እንደቀረቡ፣ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ። ዳቦ አልበላም። ዓመት ሊሞላኝ ነው። አላምጬ እተፋዋለሁ።»

ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው በወደደ። ሚስቱ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆየችና «ለካ ሽርጡን የምታጥበው...» ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። ከዚያ፣ «እኔ እኮ በእጄ ነው ያበላኋት» አለች። «አንተ አጠገቤ ቆመህ እያየኸኝ። ቀና ብለህ እንኳ አንድ ነገር ሳትለኝ።» እሱ አንገቱን ደፋ።

ልጅቷን ደም ወሰዱላት። የእሷ ውጤት ግራ አላጋባም፤ የሚፈለገው ነገር ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ሆኖ መጣ። ትልቁ ሆስፒታልም መርምሮ አረጋገጠና ከስንዴ አሰናበታት። እንዲህ ጥርት ብሎ የታየው በግድ ያጎረሷትን ሁሉ ስለዋጠች ነው፤ ዶክተሯ ይህን ስታስረዳቸው ልታጽናናቸው ነበር፣ እሱን ግን ይበልጥ አጎበጠው። የእሱን በተመለከተ ደግሞ፣ «አሁንም በግምት አልናገርም» አለች። «ስድስት ሳምንት በየቀኑ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ይበላሉ፤ ይውጣሉ። ከዚያ እንደገና እንመረምራለን። እንደሚያምዎ አውቃለሁ። ካልቻሉ መጥተው ይንገሩኝ፤ እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞቹ ፊት የመጀመሪያውን ዳቦ ቆረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። «እስከ ዛሬ ስተፋው ነበር» አላቸው። «የዳቦው ጥፋት አይደለም፣ ለእናንተ ደህና ነው። የኔ ሆድ ነው። በሉ ክፈቱ።» ረፋድ ላይ እንደፈራው ወደ ጓሮ ሮጠ። ሲመለስ ማንም አልሳቀም። አቡኪው እንኳ ዓይኑን ከሚያቦካው ሊጥ አላነሳም። ጋሽ እርሾ ቢስቁበት ይሻለው ነበር።

ማታ ራት ቀረበ። ለልጅቷ ሩዝ፣ ለእሱ አንድ ቁራጭ ዳቦ። ሚስቱ «አንተው ንገራት» ብላ ጓዳ ገባች፤ የተከደነውን ድስት እንደገና ስትከድን ይሰማል።

«የኔ እናት» አላት፣ «ዳቦ እኔንም ያመኛል፤ አላምጬ በስውር እተፋው ነበር። ያሳመመሽ ዳቦው ነው እንጂ አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሁልጊዜ ያምህ ነበር?»

«አዎ።»

«ብዪ ብለህ ስትቆጣኝም?»

«አዎ።»

«ያን ቀን ስጠይቅህ፣ አያመኝም ስትለኝም?»

ራሱን ብቻ ነቀነቀላት። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ለረጅም ጊዜ ፊቱን አየችው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይኑን ከእሷ ለማሸሽ አልደፈረም። ከዚያ ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ብላ» አለችው።

ቆረሰና በላ። አላመጠ፣ ዋጠ። እሷ ጉሮሮውን ትከታተል ነበር።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

ጋሽ እርሾ አፉን ከፈተላት። ልጅቷ ጠጋ ብላ፣ ምላሱን አስነስታ፣ ጉንጩን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። ምንም እንዳልቀረ ስታረጋግጥ ወደ ሩዟ ተመለሰች።