ለጋሽ ሙሉጌታ አፍንጫ ሦስት ብርጭቆ ይዤ ወደ አል አይን

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ብርጭቆ በሻሽ ጠቅልዬ ከአቡ ዳቢ ወደ አል አይን የተነሣሁት የአንድ ሰው አፍንጫ ልፈትን ነው። ሰውዬው ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው፤ አል አይን ያለ አንድ ሆቴል የመጠጥ ክፍል ኃላፊ፣ እኔንም ከአስተናጋጅነት አንሥተው ቅምሻ ያስተማሩኝ። ከስድስት ወር በፊት የያዛቸው ክፉ ጉንፋን ሲለቃቸው ማሽተታቸውን ይዞባቸው ሄደ። ሆቴሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ሊታገሣቸው ተስማምቷል።

ሐሙስ ደወሉልኝ። «ሰሞኑን ትንሽ ትንሽ የሚሸተኝ ይመስለኛል። ነይና ፈትኚኝ። ካገኘሁት ሰኞ ሥራ እገባለሁ፤ ካጣሁት እኔው ነግሬያቸው አገሬ እገባለሁ» አሉኝ።

ሁለት ሰዓት፣ አውቶቡስ ውስጥ

አጠገቤ የተቀመጠችው ሰዓዳ የምትባል የወሎ ልጅ ናት፤ ከአቡ ዳቢ ወጣ ብሎ ባኒያስ አንድ ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ከስንት ልመና በኋላ አንድ ቀን ፈቅዳላት አል አይን ያለች እህቷን ልትጠይቅ ነው።

«እህቴ፣ ምንድን ነው እንደ ሕፃን ያቀፍሽው?»

«ብርጭቆ ነው።»

«ለሻይ?»

«አዎ፣ ለሻይ።»

«አላህ በደስታ ያጠጣችሁ» አለችና ከቦርሳዋ ቴምር አካፈለችኝ። ሶላቷን ከማታጓድል ልጅ ጋር ስለ ሩም አረቄ ማውራት ነውር መስሎኝ ነበር። ለደግ ነው ብዬ ስዋሽ ምላሴ እንደማይደናቀፍ ግን ያኔውኑ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ባኒያስን ስናልፍ ቤቱ እየሳሳ አሸዋው እየሰፋ ሄደ። ከመንገዱ ዳር የተተከሉት ዛፎች በቀጭን የውኃ ቱቦ ይጠጣሉ፤ ከሽቦው ወዲያ ግመሎች ቆመዋል። አል አይን ሲቃረብ አሸዋው ይቀላል። ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን ወረድን፤ ጋሼ እስከሚኖሩበት ሰፈር፣ አል ጂሚ፣ ለታክሲ አሥራ አራት ድርሃም ከፈልኩ።

አምስት ሰዓት፣ አል ጂሚ

ከፈተና በፊት ቅመም ክልክል ስለሆነ የጋሽ ሙሉጌታ ባለቤት እትዬ አስካለ ነጭ ሩዝ በእርጎ አቀረቡልን። ጋሼ ከስተዋል፤ ሸሚዛቸው ግን እንደ ሥራ ቀን ተተኩሷል። ሳህን ላነሣ ወጥ ቤት ስገባ እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ደስ አሰኚው። ሽቶዬን እያሸተተ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ኸላስ፣ በቃ፣ እኔም አልቻልኩም» አሉኝ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚባለው እንዲህ ነው፤ የእትዬ አስካለም ዓይን አብጦ ነበር።

መፈተኛው አስመጪ ለናሙና የላከው ሁለት ጠርሙስ ሩም ነው፤ ሁለቱም ከአንድ አነስተኛ ፋብሪካ። አንዱ እንዲሁ ያረጀ፤ ሌላው የመጨረሻዎቹን ወራት ጭስ ጭስ የሚል የስኮትላንድ ውስኪ በነበረበት በርሜል የከረመ። የዚያ ውስኪ ብቅል የሚደርቀው ከረግረግ ተቆፍሮ በሚነድ አፈር ጭስ ነው፤ በርሜሉም ጭሱን ይዞ ይቀራል። ሩሙን የጠላ ጋን በወይራ እንደማጠን በሉት።

የሙያው ደንብ አጭር ነው። መልክ በማያሳይ ሰማያዊ ብርጭቆ በሁለቱ አንድ ዓይነት ሩም፣ በሦስተኛው ሌላውን ትቀዳላችሁ፤ ከየብርጭቆው ሥር ምልክት ትለጥፋላችሁ። ተፈታኙ ልዩ የሆነውን ይመርጣል። ፈታኙ ያን ብርጭቆ አንሥቶ ታቹን ያሳያል። ቃል ብቻ አይበቃም።

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቀዳሁ። ዞሩና አንድ በአንድ አሸተቱ፤ ቀመሱም። ሁለተኛውን ጠቆሙ። አንሥቼ ታቹን አሳየሁ። እሱው ነበር! እትዬ አስካለ እልልታውን አቀለጡት፤ እኔም ዘልዬ አቀፍኳቸው።

ጋሼ ግን አልሳቁም። «አንዱ ዕድል ይሆናል። ድገሚ» አሉ።

ደገምኩ። አሁን ረጅም ጊዜ ወሰዱ፤ ግንባራቸውን አላባቸው። ሦስተኛውን ጠቆሙ። ጭሱ ያለው አንደኛው ላይ ነበር። እትዬ አስካለን አየሁ፤ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘዋል።

«አገኙት ጋሼ» አልኩ።

ዓይናቸውን ብርጭቆው ላይ ተክለው ጠበቁ። የሚጠብቁት ታቹን እንዳሳያቸው መሆኑን አውቄአለሁ፤ እጄ ግን አልነሣ አለኝ። በመጨረሻ ራሳቸው አንሥተው አዩትና በቀስታ አስቀመጡት።

«የሚራራልኝ ሰው ቤቴ ሞልቷል፤ አንቺን የጠራሁሽ አትራሪም ብዬ ነበር» አሉ። እትዬ አስካለ ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሼ የቀሩትንም ታች አይተው አንደኛውን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፉት። «እስቲ ቅመሽና ንገሪኝ። እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ።»

«መጀመሪያ አገዳ ነው፤ ቀጥሎ ያረረ ስኳር።»

«ጭሱስ? ቀድሞ ነው ቆይቶ?»

«ቆይቶ። ከዋጥኩት በኋላ ነው የሚነሣው። በዝናብ የጠፋ እሳት ይመስላል። ጫፉ ላይ ጨው አለ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ደህና ሩም ነው ማለት ነው» አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ፤ አልጠረጉትም።

ምሽት፣ አቡ ዳቢ

የመልሱን መንገድ አላየሁትም። ቤቴ ደርሼ ብርጭቆዎቹን ሳጥብ የዋልኩበትን አሰብኩ። የጋሼን አፍንጫ ማዳን የሚችል የለም፤ ከእኔ የፈለጉት የሚያምኑት አፍ ብቻ ነበር፤ እሱን ነፈግኋቸው። ርኅራኄዬ ለእሳቸው ሳይሆን ያን ፊት ላለማየት ለራሴ እንደነበር ከዚህ ጉዞ ተማርኩ። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ የተከፈለበት ግን በእሳቸው ነው።

ሰኞ ከሰዓት ደወሉ። ሆቴሉ ሄደው ራሳቸው ነግረዋቸዋል።

«ማን ይተካህ አሉኝ» አሉ። «ያንቺን ስም ልጠራ ነበር የሄድኩት፤ ከዓመት በፊት ጀምሮ አስቤው ነበር። የቅዳሜው ብርጭቆ ትዝ አለኝና አልጠራሁም ልጄ። አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምዎትም ጋሼ» አልኳቸው። ይህ እውነት ነበር።