ከፈንዲሻው ሥር

ዛሬ ልጄ ማድቤት ገብቶ ፈንዲሻ ሲሠራ የድስቱ ክዳን ተንቀጫቀጨ፤ እኔም ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጅ ሆኜ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዱ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ሐኪም እናቴን በዘይት የተጠበሰ ነገር ከለከላት። እናቴ ደግሞ ለሳምቡሳ ነፍሷን የምትሰጥ የድሬዳዋ ሴት ናት። ቢሆንም አባቴ ፊት፣ "ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ መክሰሴ ፈንዲሻ ብቻ ነው!" ብላ ማለች።

አባቴ ከወደብ ሥራው ለምሳ ይመጣና፣ ከተማው በሙሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ሲተኛ እሱም ማራገቢያ ሥር ይጋደማል። ያኔ እናቴ ማድቤት ትጠራኛለች። በአንዱ ምድጃ እኔ የፈንዲሻውን ድስት እወዘውዛለሁ፤ በሌላው እሷ ሽንኩርት የበዛበት ሳምቡሳ ትጠብሳለች።

"አንቀጫቅጪው እንጂ! የዘይቱ ድምፅ ይሰማል!" ትለኛለች በሹክሹክታ። ክንዴ እስኪዝል አንቀጫቅጫለሁ።

አንድ ቀን ፈንዲሻው መንጣጣቱን ጋብ ሲያደርግ የአባቴ ድምፅ ከመኝታ ቤት መጣ።

"ዘይነባ!"

"አቤት!"

"ለፈንዲሻ ሽንኩርት መጥበስ መቼ ነው የተጀመረው?"

እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባቴም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ሐኪሙ እኔንም ከልክሎኛል እኮ" አለ። "አንዷን ከፈንዲሻው ሥር አድርገሽ በልጅቷ ላኪልኝ። እኔም እንዳላያት።"

ልጄ ፈንዲሻውን በሳህን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። ከላይ አልጀመርኩም፤ እጄን እስከ ሥሩ ሰደድኩት።

"እማዬ፣ ምን ጠፋብሽ?" አለኝ።

ያገኘሁት ያልፈነዳ በቆሎ ብቻ ነው።