ሲፈተሽ የሚስቅ አማች

ሰው ጎኔን ከነካኝ እስቃለሁ። ደስ ስለሚለኝ አይደለም። ከብብቴ እስከ ዳሌዬ ያለው ገላዬ ሌላ ሰው እጁን ሊያሳርፍበት ገና ሲያስብ ይኮማተራል፤ ሲያሳርፍበት ደግሞ እኔ የማላዘው ሳቅ ከሆዴ ተነሥቶ ይወጣል። ትልቅ ሰው ስሆን ይተወኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተወኝም። መተማ ዮሐንስ ያለ ልብስ ሰፊ ለሰርጌ ሱሪ ሊለካኝ ሜትሩን ወገቤ ላይ ቢያዞረው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሜትሩን አንገቱ ላይ መለሰና፣ "ወንድሜ፣ አንተ ጀለቢያ ብትለብስ ነው የሚሻልህ፤ ልክ አይጠይቅም" አለኝ። በመጨረሻ በዓይኑ ገምቶ ሰፋልኝ። በሰርጌ ፎቶ ላይ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ የቆምኩት ለዚህ ነው።

ሥራዬ ትራክተር መጠገን ነው። ትራክተር ጎን ስለማይነካ ተስማምተን እንኖራለን። ችግሬ መንገድ ነው። ከመተማ ተነሥቶ በሸሕዲ አድርጎ ጎንደር የሚሄድ ሰው ኬላ በደረሰ ቁጥር ከመኪና ይወርዳል። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ይሰለፋሉ። እጅ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከዚያ ብብት፣ ወገብ፣ ጭን፣ ቁርጭምጭሚት ይዳበሳል። ሰዉ ለምዶታል፤ እየተዳበሰ ስለ ሰሊጥ ገበያ ያወራል። የሚያውቁኝ ፈታሾች "ያ የሚስቀው መካኒክ መጣ" ብለው ኪሴን ብቻ አይተው ይሸኙኛል። ፈታሽ ሲቀየር ግን አሳሬን አያለሁ። መሣሪያ በያዘ ሰው ፊት መሳቅ ምን እንደሆነ የሳቀ ያውቀዋል።

ባገባሁ በዓመቱ የሚስቴ አባት ዓይን ጨርሶ ጠፋ። ሞራ ነበር። በሰርጋችን ጊዜ እንኳ የሚያዩት ጥላ ጥላ ነበር፤ ስለዚህ ልጃቸውን ማን እንደወሰደባቸው በድምፅ እንጂ በመልክ አያውቁም። አዲስ አበባ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘላቸው፤ የአውሮፕላን ቲኬትም ላከ። ችግሩ ወሩ ነበር። ሰሊጡ ደርሷል፤ ሰሊጥ ደግሞ ነገ ልጨድህ ቢሉት አይጠብቅም፤ ይረግፋል። ወንዶች ልጆቻቸው ከሠራተኞቹ ጋር በረሃ ናቸው። በአጨዳ ወቅት ሥራ የሚያጣ ሰው ቢፈለግ የትራክተር መካኒክ ተገኘ። "አንተ ትወስደዋለህ" አለችኝ ሚስቴ።

አማቴ የሚስቁ ሰው አይደሉም። በሰርጌ ቀን የተቀመጡበት ዳስ ውስጥ ሰዉ ጨዋታውን እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። ሲቆጡ አይጮኹም፤ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ከጩኸት ይብሳል። ከእሳቸው ጋር ብቻዬን ከበላሁት እራት ይልቅ ያስነቀልኩት ጥርሴ ይናፍቀኛል።

በማለዳ በሚኒባስ ተነሣን። ከፊት ወንበር አስቀመጥኳቸው፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል ተክለው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ሄዱ። የመጀመሪያው ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ አዲስ ልጅ ነበር። ዓይናቸውን ሳያስተውል ከኋላ መጥቶ እጁን ብብታቸው ሥር ሲያስገባ አማቴ በድንጋጤ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሡ።

"ማነህ አንተ?" አሉ።

"ፍተሻ ነው፣ አባት" አለ ልጁ፣ እሱም ደንግጦ።

"ታዲያ አፍ የለህም?"

እኔ ነበርኩ ጥፋተኛው። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። "አያዩም፤ ከመንካትህ በፊት ንገራቸው" አልኩት። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ "አሁን ክንድዎን ልነካ ነው፣ አሁን ወገብዎን" እያለ እንደ እንቁላል ፈተሻቸው። እሳቸውም ረክተው ወደ ጎን ቆሙ። ተራው የእኔ ሆነ።

ከንፈሬን ነከስኩ። እጁ ጎኔ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ በአፍንጫዬ የሆነ ድምፅ ወጣ፤ ቀጥሎ ክትክት ብዬ ሳቅሁ።

"ምን ያስቅሃል?" አለ ልጁ።

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አማቴ ጆሯቸውን ወደኛ አዘንብለው አየኋቸው። ለአማት "ይኮረኩረኛል" ማለት እንዴት ይቻላል? እሽሩሩ በሉኝ እንደማለት ነው። ልጁ ፍተሻውን ደገመኝ፤ እኔም ሳቄን ደገምኩለት። ሌላው ፈታሽ መጥቶ፣ "ተወው፣ ይሄ የታወቀ ነው" ብሎ ባያድነኝ እዚያው እቀር ነበር።

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ አማቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ፣ "ከማን ጋር ነበር የምትሳሳቀው?" አሉኝ።

"ከማንም ጋር አይደለም፣ አባቴ። ሾፌሩ ጠዋት የተናገረው ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።"

"ምን ተናገረ?"

ሾፌሩ ጠዋት ከ"በሩን ዝጋው" በቀር ቃል አልተነፈሰም። አሁን በመስታወቱ እያየ ጆሮውን አቁሟል።

"አንድ ሰውዬ አለ አሉ" ብዬ ጀመርኩ። "ግመል ገዝቶ... ግመሉ ደግሞ... በሩ ላይ ሲደርስ አልገባም አለ።"

"እሺ?"

"ከዚያ ሰውዬው ውጭ አደረ።"

ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ እንኳ መጨረሻውን ይጠብቁ ነበር።

"ይኸው ነው?" አሉ አማቴ።

"ይኸው ነው።"

"ልጄ ጨዋ ባል አገኘሁ ብላ ነበር የነገረችኝ" አሉና ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡት።

ሸሕዲን አልፈን በቀጣዩ ኬላ ላይ ዘዴ ቀየርኩ። የሚያሳዝን ነገር ላስብ ብዬ የአጎቴን ቀብር አሰብኩ። ነገር ግን የአጎቴ ቀብር ላይ አልቃሿ ተሳስታ የሌላ ሟች ስም እየጠራች ለረጅም ጊዜ አስለቅሳን ነበር። የፈታሹ እጅ ወገቤን ሲነካኝና አልቃሿ ስትመጣብኝ አንድ ሆነ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። አማቴ ከፊቴ ቆመው አንድ ቃል አልተናገሩም። ጎንደር እስክንገባም አልተናገሩም። ማታ ከዘመድ ቤት ለሚስቴ ደወልኩላት።

"ንገረው እንጂ!" አለች፣ እሷም እየሳቀች።

"ምን ብዬ? አፈርኩ።"

"አሁን ምን እንደሚያስብ ታውቃለህ? ዕብድ ይዞኝ እየሄደ ነው ብሎ ነው የሚያስብ።"

ጠዋት አየር ማረፊያ ደረስን። አማቴ እንደኔ ሁሉ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ዱላቸው በማሽን ማለፍ አለበት ሲባሉ፣ "ዕንጨት ነው፤ ምን ይገኝበታል?" ብለው ተከራከሩ፤ ኋላ ግን ሰጡ። ዱላቸው ሲሄድ ድንገት ያነሱ መሰለኝ። እኔ "አያዩም፤ እየነገራችኋቸው ፈትሹ" አልኩ። ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ። "ፈትሽ ልጄ፤ በቀኝ በኩል ግን ቀስ በል፣ በሬ ወግቶኛል" አሉ። በሰላም አለፉ፤ አንዲት ሠራተኛ ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻቸው።

እኔ በበሩ ሳልፍ ማሽኑ ጮኸ። ቀበቶዬን ፈታሁ፤ ጮኸ። ጫማዬን አወለቅሁ፤ ጮኸ። አንድ ረጅም ፈታሽ፣ "በእጅ ይታያል፤ ወደዚህ" ብሎ መጋረጃ ያለበት ጠባብ ክፍል አስገባኝ። የኬላ ፍተሻ መንገደኛ የሚቸኩልበት ነው፤ እዚህ ግን ሰውዬው ጓንቱን ጣት በጣት እያስገባ፣ ፊቱ ላይ ትዕግሥት ይታይበታል።

"እጅህን ዘርጋ።"

ዘረጋሁ። ከአንገቴ ጀመረ፤ አንገቴ ችግር የለበትም። ትከሻዬንም አለፍኩ። ብብቴ ሥር ሲደርስ ክንዴ ሳላዘው ግጥም ብሎ ተዘጋ፤ እጁ እዚያው ቀረ።

"እጄን ልቀቅ" አለ።

"አልችልም!" አልኩ፣ እየተንከተከትኩ።

"ጠጥተሃል?"

"አልጠጣሁም!"

"ጫት ቅመሃል?"

"ኧረ አልቅምም! ይኮረኩረኛል!"

"ሁሉንም ሰው ይኮረኩረዋል፤ ቻለው" ብሎ እጁን ሊስብ ሲሞክር ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ፤ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ እኔ ይበልጥ አጠበቅኩ። ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ፤ ተከተለኝ። ተንሸራትቼ ተቀመጥኩ፤ አብሮኝ ጎነበሰ። በዚህ መሃል የእሱም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ግን ሳቅ ይተናነቀዋል። ኀላፊው መጋረጃውን ሲገልጥ ሁለት ጎልማሶች ወለል ላይ ተቃቅፈው ሲስቁ ነው ያገኘን።

"ምን እየሆነ ነው?" አለ ኀላፊው።

ከውጭ የአማቴ ድምፅ መጣ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

"ልጄን ምን እያደረጋችሁት ነው?"

ልጄ። እስከዚያ ቀን "አንተ" እና "ይሄ ሰው" ነበርኩ። ወንበራቸውን ትተው ያለ ዱላ፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ መጡ። ኀላፊው ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው።

"አባት፣ ምንም አላደረግነውም" አለ። "ማሽኑ ይጮኽበታል፤ መፈተሽ አለበት። ልንፈትሸው ስንነካው ግን ይስቃል።"

"ሲነካ ይስቃል?"

"አዎ።"

"ይኮረኩረዋል ማለት ነው?"

"ይመስላል።"

አማቴ ፊታቸውን እኔ ወደማለከልክበት አዞሩ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"አፍሬ ነው፣ አባቴ።"

"ታዲያ ያ ግመል?"

"ፈጥሬው ነው።"

"እኔስ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስፈታው ነው ያደርኩት" አሉ። ከዚያ ወደ ፈታሹ ዞሩ። "እኔ ጋ ጎኑን የማያስነካ በሬ አለ። መርፌ ሊወጋ ሐኪም ሲመጣ ሁለት ሰው ረግጧል። አያያዝ ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። የት አለ? አምጡልኝ።"

ቆምኩ። በአንድ እጃቸው የግራ ጆሮዬን ፈልገው ያዙ፤ በሌላው ማጅራቴን ጨብጠው ግንባሬን ደረታቸው ላይ አስደገፉ። ጆሮዬን ጠመዘዙት። መጠምዘዝ ስል፣ ሳይነቀል መቅረቱን አሁንም አደንቃለሁ።

"አሁን ፈትሽ" አሉት። "ቶሎ፣ ጠበቅ አድርገህ። እጅህን አታንቀራፍፍ፤ የሚኮረኩረው እሱ ነው። አንተ ደግሞ ተንፍስ። አሁን ብብትህን ሊነካ ነው። አሁን ወገብህን። አይዞህ።"

አልሳቅሁም። ጆሮዬ እንዲህ እየተቃጠለ ማን ይስቃል? ጋቢያቸው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል፤ ልባቸው ግንባሬ ሥር ቀስ ብሎ ይመታል፤ ከጀርባዬ ደግሞ የማያውቁኝ እጆች ገላዬን ሁሉ ይዳብሳሉ። ያን ያህል ሰው እንደዚያ ሆኜ ሲያየኝ ማፈር ነበረብኝ። ይልቅ ዐረፍኩ።

"አገኘሁት" አለ ፈታሹ። ኪሴ ቀዳዳ ነበረው፤ በቀዳዳው አንድ የትራክተር ቡሎን ገብቶ የጃኬቴ ገበር ውስጥ ተቀምጧል። ምናልባት ከወራት በፊት የጠፋብኝና ረዳቴን የተቆጣሁበት ነው። ኀላፊው ቡሎኑን አገላብጦ አየው፤ እኔን አየኝ፤ ጆሮዬን አየ። "ልቀቋቸው፣ ይግቡ" አለ። አማቴ ግን አውሮፕላኑ ውስጥ እስክንቀመጥ ድረስ ክንዴን አልለቀቁም፤ ማን ማንን እየመራ እንደሆነ ለሚያይ ሰው ግልጽ አልነበረም።

ሕክምናው ተሳካ። አንደኛው ዓይን በተገለጠ ቀን ሐኪሙ፣ "ምን ይታይዎታል?" ሲላቸው ፊት ለፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ይሄ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ አባቴ።"

"አንተ? በድምፅህ ረጅም ነበር የመሰልከኝ" አሉ። ሐኪሙ ዞር ብሎ ሳቀ። እኔም "ይቅርታ" አልኩ፤ ምን ለማለት እንደሆነ አላውቅም።

ስንመለስ ለፍተሻው ቀድሜ ጆሮዬን አዘጋጅቼ፣ "በሉ ያዙልኝ" አልኳቸው። እሳቸው ጥቁር መነጽራቸውን እያስተካከሉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። "ቆይ፣ እስካሁን የሰማሁት ብቻ ነው፤ አንዴ ልየው" አሉ። ፈታሹ እጁን ጎኔ ላይ አሳረፈ። እኔ እንደ ልማዴ ሆንኩ። ሳቄን በጨረስኩ ጊዜ ከኋላዬ አንድ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ፤ ሞተር ለመነሣት ሲያንገራግር የሚመስል። አማቴ ነበሩ። ሐኪሙ ማስነጠስም ማሳልም ከልክሏቸው ስለነበር አፋቸውን በጋቢ አፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በእጃቸው "ተወኝ፣ ተወኝ" ይሉኛል። ፈታሹ ማንን ቀድሞ እንደሚጠይቅ ግራ ገባው።

ከጎንደር ወደ መተማ ስንወርድ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያዩ ሄዱ። የማንን ማሽላ ወፍ እንደበላው፣ የማን አጥር እንደፈረሰ እየነገሩኝ። ቤት ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር፤ ሚስቴ አንገታቸው ላይ ልትጠመጠም ሮጣ መጣች። እሳቸው ግንባሯን ሳሟትና፣ ሌላውን ሁሉ "ቆዩ" ብለው ቀጥታ ወደ በረት ሄዱ። በሬዎቹን አንድ በአንድ አዩ። አንዱ ከስቶ አገኙት። ከበረሃ የተመለሰውን ትልቁን ልጃቸውን ጠርተው ስለ መኖው ይጠይቁት ጀመር፤ እንግዳው ተሰብስቦ እየጠበቀ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ፣ ፀሐይ እስክትገባ እዚያው ቆመው ሲጨቃጨቁ ነበር።