አባዬ ዝም ያለበት መጋቢት

በልጅነቴ የመጋቢት ፀሐይ የምትወጣው በቴሌቪዥን ውስጥ ነበር። ውጭው ሲያትል ነው። ሰማዩ እንደ አሮጌ ድስት ክዳን ተደፍቶብናል፣ ዝናቡ አይጠነክርም አያቆምም፣ የትምህርት ቤት ጃኬቴ ከጥቅምት ጀምሮ በደንብ ደርቆ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ግን አሪዞና ብቅ ትላለች። ቢጫ ብርሃን፣ አረንጓዴ ሣር፣ ከሩቅ ቀላ ያለ ተራራ፣ ቲሸርት ብቻ የለበሱ ተመልካቾች። ሶፋችን የእርጥብ ካልሲ ሽታ እየሸተተ፣ እኔ ፊቴን ወደ ስክሪኑ አስጠግቼ የምሞቅ ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ከተማ ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ስፕሪንግ ትሬኒንግ የሚሉት ነው። የቤዝቦል ቡድኖች ዋናው ውድድር ሳይጀመር ሙቅ አገር ወርደው ይለማመዳሉ፣ እርስ በርስም ይገጥማሉ። ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ሁሉም የሚያየው ስማቸው ገና ያልታወቀውን ወጣቶች ነው። ጥቂቶቹ ፈተናውን አልፈው ከዋናው ቡድን ጋር ይቀራሉ፤ የቀሩት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ትንንሽ ከተሞች ይመለሳሉ።

አባዬ የሚወደው ይህንን ፈተና ነበር። ደብረ ብርሃን የስፖርት አስተማሪ ሳለ ጦር ውርወራ ያሠለጥን ስለነበር፣ ሲያትል መጥቶ የፓርኪንግ ሠራተኛ ከሆነ በኋላም ዓይኑ ከሰው ክንድ ላይ አልተነሳም። ኳስ ስለሚመቱት ልጆች ምንም አያውቅም፤ "ይኼስ አንበሳ ነው" ያለው ሁሉ ሚያዝያ ሳይገባ ይባረራል፣ እኛም እንስቅበታለን። ኳሷን ለመቺው የሚወረውሩት ፒቸሮች ላይ ግን አንስቅም። አባዬ "ወርዋሪ" ነበር የሚላቸው፤ በወርዋሪ ጉዳይ ተሳስቶ ያየሁት ብዙ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተፈራ ይመጣሉ። ጋሽ ተፈራ የአባዬ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ፣ ሲስቁ ሶፋው አብሯቸው ይስቃል። ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ "ሶ፣ ችሎቱ ተጀምሯል?" ይላሉ። አባዬን "ዳኛው" ነበር የሚሉት። አንድ ወጣት ወርዋሪ ሜዳው መሀል ያለው ጉብታ ላይ ሲቆም አባዬ የሻይ ብርጭቆውን ያስቀምጥና ወደ ፊት ይጠጋል። የልጁ ክርን ከትከሻው በታች ሲወድቅ፣ ወርውሮ ሲያበቃ ጣቶቹን ውሃ እንደነካው ሰው ሲያራግፍ ያያል። ከዚያ "አይቆይም" ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለም።

የወደደውን ግን አያሞግስም። ያደገው ልጅን ፊት ለፊት ማሞገስ ዓይን ይጠራል ተብሎ በሚፈራበት ቤት ነው፤ ልጁ ፈረንጅ ቢሆንም ለእሱ ያው ነው። ጥሩ ወርዋሪ ሲመጣ ዝም ብሎ ሻዩን ይጠጣል። የዝምታውን ትርጉም ያስተማሩን ጋሽ ተፈራ ናቸው። "ዳኛው ዝም ካለ ልጁ ነጻ ነው" ይሉ ነበር። ወንድሜ ናትናኤልና እኔ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለን የአባዬን አፍ እናያለን፤ ዝም ሲል ናቲ "ፍሪ!" ብሎ ያጨበጭባል። ናቲ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ቡድን ወርዋሪም እሱ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

እማዬ ይህንን ችሎት አትወደውም። አባዬ "አይቆይም" ባለ ቁጥር ከኩሽና የቁም ሣጥኑ በር ጓ ይላል። "አታሟርት! እናት ያለው የሰው ልጅ ነው" ትላለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አባዬ አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ ላይ ፈርዶ ነበር፤ ቀዮ እያልን እንጠራው የነበረ፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር ልጅ። በጋ ላይ ዜናው መጣ። ቀዮ ክርኑን ይዞ ከሜዳ ሲወጣ በቴሌቪዥን አየነው፤ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ከዚያ በኋላም ስሙን የጠራ የለም። እማዬ እንደ ዘመድ አለቀሰችለት።

"አፍህ ነው" አለችው አባዬን።

"እኔ ምን አደረግኩ? ያየሁትን ተናገርኩ እንጂ።"

"ያየኸውን ዋጠው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።" እማዬ ክፉ ነገር ስሙን ካልጠሩት መንገዱን አያገኘውም ብላ ከልቧ ታምን ነበር። ሳቅ ብዬ ሳያት በዓይኗ ቀጣችኝ።

ስለዚህ በሚቀጥለው መጋቢት፣ አንድ የኮሌጅ አሠልጣኝ ናቲን ሊያይ እንደሚመጣ ሲነገረን፣ እማዬ መጀመሪያ ያደረገችው አባዬን ማስማል ነው። ነገሩ ትልቅ ነበር። አሠልጣኙ ከወደደው ናቲ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ኮሌጅ ይገባል፤ ካልወደደው ሌላ መንገድ አልነበረንም። አባዬ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ በር ላይ አቆመችው። "በናቲ ላይ አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ማርያምን በል።" አባዬ መጀመሪያ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወና "ማርያምን" አለ።

በዚያው ሳምንት እኔና እሱ ናቲ ሲለማመድ ልናይ ሄድን። ሜዳው ረግረግ ሆኖ እርጥብ ሣርና ጎማ ይሸታል። አባዬ በሽቦ አጥሩ ቀዳዳ ጣቶቹን አስገብቶ ቆመ። ናቲ ወረወረ፣ ደግሞ ወረወረ፤ ኳሷ የተቀባዩ ጓንት ላይ ስታርፍ በረንዳ ላይ በር የተዘጋ ያህል ትጮኻለች። በየመሀሉ እጁን ወደ ታች ለቆ ጣቶቹን ያራግፋል። ዝናቡን ነው የሚያራግፈው ብዬ አሰብኩ። ቀና ብዬ የአባዬን አፍ ጠበቅኩ። ምንም አላለም። ደስ አለኝ፤ ከደስታዬ የተነሳ አጥሩን ይዤ ዘለልኩ።

መኪና ውስጥ "አባዬ፣ ናቲ ነጻ ነው አይደል?" አልኩት። የዝናብ መጥረጊያው ሄዶ ተመለሰ። "ቀበቶሽን አስረሻል?" አለኝ። አስሬ ነበር፤ እያየኝ ነው ያሰርኩት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር ገባ። ምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ አልመልስም፤ ግን በሮች ቀስ ተብለው መዘጋት ጀመሩ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ቤቱ ሽሮ ሽሮ ይሸታል፣ ከአንድ ትሪ ዙሪያ እንደ ልማዳችን እንቀመጣለን። ናቲ ግን ለብቻው ሰሃን አውጥቶ በሹካ መብላት ጀመረ፤ ያውም በግራ እጁ። "ፈረንጅ ሆንክ!" ብዬ ሳቅኩበት። እማዬም ሳቀች፤ ሳቋ ቶሎ አለቀ። አባዬ እንጀራውን ጠቅልሎ እጁ ላይ እንደያዘው ቀረ። ናቲም ሰሃኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ቅዳሜ ጋሽ ተፈራ መጡ። አሪዞና እንደ ወትሮው ታበራለች። አንድ ወጣት ወርዋሪ ጉብታው ላይ ቆመ፣ ክርኑ ወደቀ፣ እኔም እንኳ አየሁት። "ሶ፣ ዳኛው ምን ይላል?" አሉ ጋሽ ተፈራ። አባዬ ብድግ ብሎ የመኪናዬን መብራት ሳላጠፋ የመጣሁ ይመስለኛል አለና ወጣ። በመስኮት ሳየው ዝናብ ውስጥ ከመኪናው አጠገብ ቆሟል። መብራቱ ጠፍቷል። ጋሽ ተፈራ እማዬን አዩ፣ እማዬ መሬት አየች። "ኦኬ እንግዲህ፣ ችሎቱ ተዘጋ" አሉና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

የጨዋታው ቀን ጠዋት እማዬ ናቲን ጸበል ረጨችው፣ ግንባሩንም አማተበችበት። ናቲ ዩኒፎርሙን ለብሶ በር ላይ ሲደርስ አባዬ "ናቲ" ብሎ ጠራው። ናቲ ዞረ። እንዲህ ሰው አፍ ላይ ዓይኑን ተክሎ የጠበቀ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እማዬ ከአባዬ ጀርባ ቆማለች። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ውሃ ይዘሃል?"

"የስ፣ አባዬ" አለ ናቲ። ፈገግ ብሎ ወጣ።

ሜዳው ላይ እማዬ ነጠላዋን ከዝናብ ልብሷ ውስጥ አድርጋ ተቀመጠች፤ ወደዚያ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር። የኮሌጁ አሠልጣኝ ከኛ ዝቅ ብሎ ብቻውን ቁጭ ብሏል፤ ኮፍያው ብቻ ይታየኛል። ናቲ እንደዚያ ቀን ወርውሮ አያውቅም። ተራ በተራ የሚመጡት ልጆች ኳሷን ሳይነኩ ይመለሳሉ፣ ሰው ስሙን ይጠራል፣ እማዬ ሰው በጠራው ቁጥር "ከዓይን ያውጣህ" ትላለች። እኔ አባዬን ብቻ ነው የማየው። ፊቱ አመድ መስሏል።

አባዬ ከወንበሩ የተነሳው ናቲ ያችን ኳስ ከመወርወሩ በፊት ነው። ይህንን እምላለሁ። ተነስቶ ደረጃውን መውረድ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ነው የናቲ ክንድ ወደ ኋላ የሄደው። ኳሷ ከማንም ራስ በላይ በረረችና አጥሩን መታች። ናቲ በጉልበቱ ወደቀ፣ ክርኑን በግራ እጁ አቅፎ። አልጮኸም። የኮሌጁ አሠልጣኝ ትንሽ ቆየና እጁን ኪሱ ከቶ ሄደ። ዳግመኛም አልደወለም።

ናቲ ኦፕራሲዮን ሆነ። ክንዱ ዳነ፤ እስከ መጨረሻው ግን አይዘረጋም። ዛሬ የባቡር ቴክኒሻን ነው፣ ጥሩ ሰው፣ ጥሩ ባል። ወላጆቼ ከከተማው ወጣ ብለው ማውንትሌክ ቴራስ ገብተዋል፤ እኔ እዚሁ ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ቀርቻለሁ። ስለዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ ማንም አንስቶ አያውቅም ነበር፤ እስካለፈው መጋቢት ድረስ።

እሁድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ወላጆቼ ቤት ተሰብስበናል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አሪዞና ታበራለች። አባዬ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ "ናቲ፣ ያኔ አይቼው ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ክርንህን። ከእህትህ ጋር ልምምድ ልናይ የመጣን ቀን። እንደማይቆይ አውቄ ነበር።"

ናቲ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ቀነሰ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። "አባዬ፣ እኔ እኮ ያመኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር፣ እንጀራ እንኳ መቁረስ አቅቶኝ ነበር። ግን አንተ ሁሉን ሰው ጀጅ ታደርጋለህ፤ እኔን አይተህ ምንም አላልክም። ሶ... ነጻ ነኝ አልኩ። ምንም ባይሆን ነው አባዬ ዝም ያለው አልኩና ወረወርኩ።"

የኩሽናው ውሃ ቆመ። እማዬ እጇ እንደረጠበ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። "እኔ ነኝ ያስማልኩት" አለች። "በሹካ ስትበላም አይቻለሁ። ለማርያም ነገርኳት፤ ለአንተ ግን አልነገርኩህም።"

ተናደድኩ፤ በጣም ነው የተናደድኩት። የምቆጣውን ሰው ግን ከሦስቱ መሀል መምረጥ አቃተኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁሉም ስለሚወዱት፣ ስለሚዋደዱ ዝም አሉ። በዚያ ቤት የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስለዚህም ነው አጥር ይዤ የዘለልኩት። ናቲ ተነስቶ በዚያው በማይዘረጋ ክንዱ እማዬን አቀፋት። "ኢትስ ኦኬ፣ እማዬ። አልፏል እኮ" አላት። አባዬ ወደ ስክሪኑ ዞሮ ቀረ።

ልጅ ሆኜ የአባዬን ዝምታ ያህል የሚያሞቀኝ ነገር አልነበረም። ሻዩን ፉት ካለ ዓለም ደህና ናት፣ ናቲ ደህና ነው፣ እኔም እተኛለሁ። ያንን እንቅልፍ ዛሬም እመኘዋለሁ። አሁን አባዬ አርጅቷል፣ ዝም ማለትም አብዝቷል። ስደውልለት ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ መሀል ላይ ይጠፋብኛል፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። "አባዬ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?" እለዋለሁ።

"ደህና ነኝ" ይለኛል።

ስልኩን እዘጋና ጫማዬን አድርጌ ወደ እሱ ወደሚወስደኝ ባቡር እሄዳለሁ።