የገበጣው ትርፍ ቤት

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ባለቤቴ በሞተ በሁለተኛው ወር ነው። የማይረሳኝ ስላስለቀሰኝ አይደለም፤ ያን ሰሞን ሁሉም ነገር ያስለቅሰኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ሰው ንቄ ስለማላውቅ ነው።

ባለቤቴ ባሕር ዳር አስተማሪ ነበር። በሄደበት አገር ሁሉ ገበጣ ይገዛል። አምስት ነበሩን። አራቱን ከየቦታው ያመጣቸው ናቸው፤ አንዱን ግን ታሞ በተኛበት ዓመት፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ለእኔ ፈለፈለልኝ። እጁ ስለደከመ የመጨረሻዎቹ ጉድጓዶች ጠማማ ነበሩ።

ሊሞት ሲል አራቱን ለወዳጅ ዘመዶቹ እንዳድል ነገረኝ። በተለይ የጎርጎራውን እዚያ ለሚኖሩት የልጅነት ወዳጁ ለመሪጌታ እንድሰጥ አደራ አለኝ። የእኔን ግን ማንም እንዲነካው አልፈለግሁም።

ለመሪጌታ ደብዳቤ ጻፍሁ፦ «የጎርጎራው አሥራ ስምንት ቤት ለእርስዎ ነው። የዱርቤቴው አሥራ ሁለት ቤት ለእህቱ ይሆናል። ሌሎቹንም ቀስ ብዬ አድላለሁ።» ገበጣ የሚጫወት ሰው ጉድጓዱ ቤት እንደሚባል ያውቃል። ደብዳቤውን በጀልባ ለሚሻገር ሰው ሰጠሁት። ወደቡ ላይ በፍተሻ ተከፈተና ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ደረሰ።

ሊቀመንበሩ ማንበብ ይችላል። ያነበቡትን መረዳት ግን ሌላ ሙያ ነው። ሦስት አብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። በልጄ ዕድሜ ሆኖ «አንቺ» አለኝ።

«አንቺ፣ ጎርጎራና ዱርቤቴ ሠላሳ ትርፍ ቤት ደብቀሻል። አሁን ደግሞ ለዘመድ አዝማድ ልታሸሺ ነው!»

«ቤቶቹ አልጋ ሥር ናቸው» አልሁት።

«በአብዮቱ ትቀልጃለሽ?»

ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉት አያ ታከለ፣ ጠመንጃቸውን ግድግዳ አስደግፈው ሳቁ።

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ገበጣ እኮ ነው! ቤት የሚባለው ይኸ ጉድጓዱ ነው። እኔም በልጅነቴ ስንት ቤት ነበረኝ፣ ሊወረስብኝ ነው እንዴ?»

የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። ተሳስቻለሁ ብሎ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን ተሳስቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ገበጣዎቹን በጣቱ ቆጠረና፣ «ቢሆንም ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ አይፈቀድም። አንዱን ምረጪ፤ የቀረው ለሕዝብ ነው» አለ።

አያ ታከለ ሳቃቸውን አቆሙ። ሰውየው እንደማይቀልድ ያኔ ገባኝ።

እጄ ወደ ጠማማው ገበጣ ሄደ። ጣቴን ጉድጓዱ ውስጥ አሳረፍሁ። ነገር ግን የሙት አደራ አለብኝ። እንጨት እንጨት ነው ብዬ ራሴን አታለልሁና የጎርጎራውን አነሣሁ።

በሳምንቱ ለመሪጌታ ላክሁላቸው። የቀሩት አራቱ ለሕዝብ ተሰጡ ተባለ። ሕዝብ ማለት ሊቀመንበሩ ኖሯል። ለመታወቂያ ጉዳይ ቀበሌ ስሄድ ባለቤቴ የፈለፈለልኝን ገበጣ ጠረጴዛው ላይ አየሁት፤ በየጉድጓዱ ሲጋራ ይተረኩስበታል። ለአንድ አፍ አሥራ ሁለት መተርኮሻ የሚያስፈልገው ባለሥልጣን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ዛሬ ገበጣው አይቆጨኝም። መሪጌታ እስኪሞቱ ድረስ በጎርጎራው ተጫውተውበታል። ሊቀመንበሩንም ዛሬም እንቀዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን ቀን «በቃ፣ እሱን ያዢው» ሲለኝ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዕቃዬ፣ ጎንበስ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁት። ከወሰደብኝ ሁሉ መልሼ የምፈልገው ያችን ምስጋና ነው።