የሂርሲ የፔጆ መጽሐፍ

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ፔጆ ያለው ሁሉ ሂርሲን ያውቃል፤ ሂርሲን የሚያውቅ ሁሉ መጽሐፉን ያውቃል። መጽሐፉን ያየ ግን የለም። መካኒኮች በአንድ ሞተር ላይ ሲጨቃጨቁ እሱ ጋ ይመጣሉ። ሂርሲ እጁን በጨርቅ ይጠርግና ጓዳ ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ይወጣና «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብሎ ይፈርዳል። ጓዳው ውስጥ ግን መስገጃና አንድ ጀሪካን ውሃ እንጂ ወረቀት የሚባል የለም። በሃያ ዓመቱ፣ «ጢም ያላበቀለ ልጅ ማን ይሰማል?» ብሎ የጀመረው ነው። አሁን ጢሙ ሸብቶም ውሸቱ አለቀቀውም።

አንድ ጠዋት ኢክራን የሟች አባቷን ፔጆ አምጥታ አቆመች፤ ሂርሲን እንደ አጎት «አዴር» ነው የምትለው።

«አዴር ሂርሲ፣ ቫልቩን አስተካክልልኝ። የመጽሐፉንም ገጽ በስልኬ ላንሳው፤ ጅግጅጋ ስሄድ ቢበላሽብኝ እዚያ ላለው መካኒክ አሳየዋለሁ።»

«ገጹ ቅባት ነክቶታል።»

«ግዴለም፣ ይታያል።»

«እንግዲያው መኪናውን ተዪና ቅዳሜ ነይ።»

የሠላሳ ዓመት ስሙ በአንድ ፎቶ ሊያልቅ ሆነ። መካኒኮቹን እንዳይጠይቅ «ያንተስ የት ሄደ?» ይሉታል። ስለዚህ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዶ፣ ስልክ የምትጠግን ሱንዱስ የምትባል የማያውቃት ልጅ ፊት ቆመ።

«ለአንድ ወዳጄ ነው» አላት።

ሱንዱስ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ቆይታ፣ «ይሄን ያህል ከምትለፋ ወዳጅህን ሂርሲ ጋ አትልከውም? እሱ መጽሐፉ አለው ይባላል» አለችው።

«ሰውየው ቀብቃባ ነው» አለ ሂርሲ።

መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ተገኘ። ሱንዱስ ገጹን በስልኳ አስተርጉማ አተመችለት። ሂርሲ ሲያነበው ላብ አጠመቀው፤ የቫልቩ ክፍተት እሱ ሲናገር ከኖረው ግማሹ ነው። የከተማው ፔጆ ሁሉ ጠቅ ጠቅ እያለ የሚሄደው ለካ በእሱ ምክንያት ኖሯል።

አፈረ። የኢክራንን መኪና ወረቀቱ እንዳዘዘው አስተካከለ፤ ሞተሩ ጸጥ አለ።

ቅዳሜ ኢክራን ስትመጣ የጎረቤቱ መካኒክ ዒልሚም እዚያው ነበር።

«አስነሳው እንጂ» አለች።

«ተነሥቷል።»

ጆሮዋን ወደ ሞተሩ አስጠጋች። «አባቴ ሲመጣ ከሁለት ሰፈር ማዶ በድምፁ ነበር የምናውቀው። ይሄ የሌላ ሰው መኪና ነው።»

«መጽሐፉ የሚለው ይሄን ነው» አለ ሂርሲ ወረቀቱን እየዘረጋ። «የበፊቱ ከራሴ ነበር። ወላሂ፣ መጽሐፍ ኖሮኝ አያውቅም።»

ዒልሚ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ ሳቀ። «ዋሪያ፣ ይሄማ ትናንት የታተመ ነው። ዋናውን መጽሐፍ እንዳናይብህ ያመጣኸው ነው እንጂ። ሠላሳ ዓመት የሠራንበት ልክ ጠፍቶን ነው?»

«አዴር፣ ማሳየት ካልፈለግህ አልፈልግም በለኝ» አለች ኢክራን ቅር ብሏት። «ምን አስዋሸህ?»

ሂርሲ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የቫልቩን ክዳን ፈትቶ፣ ቫልቮቹን አንድ በአንድ እንደ ድሮው አላላቸውና መልሶ አስነሣው። ጠቅ ጠቁ ጋራዡን ሞላው።

«አሁን አባቴ መጣ» አለች ኢክራን ቀስ ብላ።

እውነት ለመናገር ለሂርሲም ጆሮ ይሄኛው ይሻለው ነበር።