አባቴን የወሰደችብኝ የታሽከንት ልጅ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሆላንድ፣ ደን ሃግ ከተማ ካለው ቢሮዬ ስመለስ፣ ወደ ካፔለ በሚሄደው ሜትሮ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ የወረቀት ከረጢቷን ስትከፍት የትኩስ ዳቦ ሽታ መታኝ። ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ዳቦ። ሌላ ሰው ቢሆን ምራቁን ዋጥ ያደርጋል። እኔ ግን ምን ልበልሽ፣ አንድ የማውቀው ነገር መጣብኝ። ቅናት ነው። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ያውም በዳቦ ሽታ! ሴትዮዋ ፊቴን አይታ የራበኝ መስሏት መሰለኝ፣ ቆርሳ ዘረጋችልኝ። አመስግኜ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እኔ ቀናተኛ ነኝ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ። ወንድም እህት ስለሌለኝ የምቀናበት አጥቼ ነው ያደግሁት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ግን አባቴ ራሱ ከገበያ ይዞልኝ መጣ።

ያኔ የምንኖረው ሮተርዳም ዳር፣ ሆግቭሊት ነበር። ነፋሱ ከፔርኒስ በኩል ሲመጣ የነዳጅ ማጣሪያው ሽታ ቤቱን ይሞላውና እናቴ "ዝጉት፣ ዝጉት!" እያለች ከመስኮት መስኮት ትሯሯጣለች። እሷ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች፤ አባቴ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በወጣትነቱ ግን መንግሥት ልኮት ታሽከንት፣ የዛሬዋ የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ፣ የመስኖ ምህንድስና ተምሯል። ሶቪየት ኅብረት የሚባል አገር ገና ሳይፈርስ ማለት ነው። ስለዚያ ዘመን እኔ የማውቀው ይቺን ያህል ብቻ ነበር። ስጠይቀው "ትምህርት ነበር፣ ብርድ ነበር" ይለኛል፤ አለቀ። እኔ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በሆላንዶች ቋንቋ በደች አወራለሁ፣ እሱ "እም" ይላል። ዝምታው ለሁሉም ሰው እኩል ስለነበር ቅር ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ሮተርዳም ገበያ ውስጥ ሲዞር ለውዝና ዘቢብ የምትሸጥ ልጅ በሩሲያኛ ስልክ ስታወራ ሰማ። አነጋገሯ የታሽከንት ሰው መሆኗን ነገረው። ጠብቆ፣ ስልኩን ስትዘጋ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ልክ እንደ አገሯ ሽማግሌ ሰላም አላት። አስቢው እስቲ፣ ሽበታም አበሻ! ልጅቷ ደንግጣ የለውዙን መስፈሪያ መሬት ላይ ጣለችው፤ እሱም አድራሻችንን ሰጣት። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በራችን ላይ ቆማለች፤ ራሷ የጋገረችውን ባለ ጥቁር አዝሙድ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

እናቴ አስገባቻት። ተቀመጡ። ከዚያማ አባቴ አፉን ከፈተ።

ኧረ ተይኝ! አባቴ ይህን ያህል ቃል ሆዱ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቅ ነበር? በሩሲያኛ ያወራል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ከወንበሩ ተነስቶ የሆነ ሰው አካሄድ ያስመስላል፣ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ እሱም አብሯት ይስቃል። በሕይወቴ ሙሉ ጥርሱን በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው። "ምን ተባባላችሁ?" አልኩት። እንባውን በእጁ ጠራርጎ፣ "ተዪው፣ በአማርኛ አይጥምም" አለኝ። ቆሽቴ አረረ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ትመጣለች። ታሪኳን የሰማሁት ከእናቴ ነው። አባቷ ጋዜጠኛ ነበር። እነሱ አገር በጥጥ ወራት አስተማሪውም ተማሪውም ሐኪሙም በግዴታ ወደ እርሻ ይነዳ ነበር፤ ሰውዬው ይህንን ጻፈ፣ ታሰረ። የእስራቱ ጊዜ ሊያልቅ ሲል በእስር ቤት ውስጥ አጠፋህ ተብሎ ሌላ ይጨመርበታል። እሷ ልጅ ሳለች ነው የወሰዱት። አድጋ ስለ እሱ መጠየቅ ስትጀምር እሷንም ይከታተሏት ጀመር። በመጨረሻ አገሯን ጥላ ወጣች። ሆላንድ ጥገኝነት ጠይቃ የመኖሪያ ፈቃድ እየጠበቀች ነበር። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ታለቅሳለች። እኔም አዝኜላታለሁ፤ እውነቴን ነው። ታዲያ ማዘንና መቅናት አንድ ሆድ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ሲያነጋግራት "ዶችካ" ይላታል። ትርጉሙን ስልኬ ላይ ፈለግሁት። "ልጄ" ማለት ነው። እኔን "ስሚ" ነው የሚለኝ።

አሁን የሻዩን ነገር ልንገርሽ። ሁልጊዜ ለእሷ ሻይ የሚቀዳላት አባቴ ነበር፤ ያውም በኩባያው ሥር ጠብ አድርጎ ነው የሚሰጣት። እናቴ ታፍራለች፤ "ምን ዓይነት ንፍገት ነው፣ ለሰው ልጅ ጎዶሎ ኩባያ!" እያለች በአማርኛ ታጉረመርማለች። አንድ እሁድ አባቴ ሎሚ ሊገዛ ወደ ሱቅ ወረደ። ሻዩን እኔ ቀዳሁ። እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ እንግዳ እንደሚከበርበት፣ እስከ አፉ ግጥም አድርጌ ሞልቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላት። ልጅቷ ኩባያውን አየች፣ እኔን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። አልጠጣችም። ኮቷን አነሳች፣ ለእናቴ አንገቷን ደፋ አደረገች፣ ወጣች። እኔና እናቴ ተያየን።

አባቴ ሎሚውን ይዞ ሲገባ ባዶውን ወንበርና ሙሉውን ኩባያ አየ። "ማነው የቀዳው?" አለ። "እኔ።" "አባረርሻት እኮ!" ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፦ በእነሱ አገር ለሚወዱት እንግዳ ጥቂት ጥቂት ነው የሚቀዳው፤ ደጋግሞ እንዲያስቀዳ፣ እንዲቆይ። ሞልቶ መስጠት "ጠጥተሽ ሂጂልን" ማለት ነው። እናቴ ጮኸች፤ "ታዲያ ለእኛ ማን ነገረን? አንተ በሩሲያኛ ስታወራ ነው የምትውለው!" አባቴ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ በዚያ ዝናብ ወደ ሜትሮው ሮጠ።

በመስኮት አየሁት። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ ኩሬውን እየረገጠ ይሮጣል። ልማዱን አላውቅም ነበር፤ ማርያምን ሆን ብዬ አይደለም። ግን ብታውቂስ ኖሮ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ያን ጊዜ ያንገበገበኝ ጥፋቴ አልነበረም። እኔ አስራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ተቆጥቼ በር ወርውሬ የወጣሁ ቀን ማንም አልተከተለኝም ነበር። እሷን ግን ይዟት መጣ፣ ሁለቱም በስብሰው፣ እየሳቁ። ልጅቷ አቀፈችኝ። ጸጉሯ የዝናብና የዳቦ ሽታ ነበረው። እኔም አቀፍኳት፤ ምን ላድርግ።

በዚያው ዓመት የአገሯ ዜና ተለወጠ። ከነጻነት ጀምሮ ሲገዛ የኖረው ሰውዬ ሞተ፤ የተተካው ሪፎርም አለ። ዶላር በጓሮ ሳይሆን በባንክ በግልጽ ይመነዘራል ተባለ፣ ከአገር ለመውጣት ፈቃድ መለመን ይቀራል ተባለ፣ አንዳንድ እስረኞችም ይፈቱ ጀመር። ልጅቷ ስልኳን ይዛ እየከነፈች ትመጣና ለአባቴ ታነብለታለች። እሱ ሁለት መንግሥት ሲመጣና ሲሄድ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ራሱን ይነቀንቅና ለእኛ በአማርኛ፣ "ሪፎርም ሲሉ መጀመሪያ የሚወደደው ዳቦ ነው" ይለናል። ለእሷ ይህን ይተርጉምላት አይተርጉምላት አላውቅም።

አንድ ቀን እሁድም ሳይሆን፣ ሳትደውል መጣች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። አላየችኝም፤ አልፋኝ ሄዳ አባቴ ትከሻ ላይ ወደቀች። አባቷ ተፈትቷል። አባቴ ጸጉሯን እየዳበሰ አለቀሰ፣ እናቴ እልል አለች። እኔም እሰይ አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። የራሷን አባት አገኘች፤ እንግዲህ የእኔን ትመልስልኛለች ብዬ ነዋ!

ሄዳ ልታየው ቆረጠች። አባቴ ለመናት። እዚህ የያዘችው ጉዳይ እንደሚዘጋ፣ ተመልሳ መምጣት እንደማትችል፣ የፈቱትን መልሰው እንደሚያስሩ፤ ይህንን ሁሉ ሲላት እንደነበር ሩሲያኛ ባላውቅም ከፊቱ ገብቶኛል። እሷም በሰባራ ደቿ ወደ እኔ ዞራ፣ "አባቴ ነው። ምን ላድርግ? አንቺ ብትሆኚስ?" አለችኝ። "እሄዳለሁ" አልኳት። አባቴ በቁጣ አየኝ።

አምስተርዳም አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘናት። ከዓይናችን ከተሰወረች በኋላ አባቴ ከቆመበት አልንቀሳቀስ አለ። እጁን ያዝኩት። በባቡሩ ውስጥ ከመስኮቱ ውጭ ሜዳውንና ቦዩን እያየ ሮተርዳም ደረስን። "አባዬ፣ ስለ ታሽከንት ንገረኝ" አልኩት። "ትምህርት ነበር፣ ብርድ ነበር" አለኝ። እንግዲህ የመለሰችልኝ አባት ይኸው ነበር፣ የድሮው። ከእሷ ጋር ሲያወራ የነበረውን ሰውዬ ይዛው ሄዳለች።

ከወራት በኋላ በቪዲዮ ደወለችልኝ፤ ለእኔ፣ ለእሱ አይደለም። ከስታ ነበር። ዳቦ ተወዷል። ሰፈራቸው ለአዲስ ፎቅ ተብሎ ሊፈርስ ምልክት ተደርጎበታል። አባቷ ተፈታ እንጂ በየጊዜው እየተጠራ ይጠየቃል። "እሱ ይሁን" አለችኝ። "ግን አያናግረኝም። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ያያል። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ሰውዬ አንድ ቃል የለውም። እባክሽ አባትሽን ስጪኝ።"

ስልኩን ወስጄ ሰጠሁት። እሷም ስልኳን አባቷ ፊት ያዘችለት። የተሰፋ ቆብ ያደረገ፣ ጉንጩ የገባ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለው። ሰውዬው ዝም። አባቴ ቀጠለ፤ የመንገድ ስም ይሆናል፣ የዩኒቨርሲቲ ስም ይሆናል፣ እንጃ። ሰውዬው ቀስ ብሎ ዞረ። አንድ ነገር ጠየቀ። አባቴ መለሰ። ከዚያ ሰውዬው ማውራት ጀመረ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

ልጅቷን በስክሪኑ ጥግ አየኋት። ስልኩን ይዛ፣ ሌላውን እጇን አፏ ላይ አድርጋ አባቷን ታየዋለች። ደስታ ነበር ፊቷ ላይ። ሌላም ነገር ነበር። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ እሁድ እሁድ በዚያ ሳሎን ውስጥ የኔ ፊት ነበር። አባቷ አፉን የከፈተው ለባዕድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኳት መሰለኝ።

አባቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የለቅሶው ሰሞን ከታሽከንት ደውላ አለቀሰች። ያን ዕለት ስለ እሱ የማላውቀውን አንድ ነገር ነገረችኝ፣ እንደ ዘበት፣ የማውቅ መስሏት። ከዚያ ወዲህ የምደውለው እኔ ነኝ። እሷ ደቿን እየረሳች ነው፤ ቃል ሲጠፋት እኔ እገምትላታለሁ። "ለምን ለእኔ አልነገረኝም?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "የእኔስ አባት መቼ ነገረኝ?" አለችኝ።

ትናንት ደወልኩ። አባቴ ተማሪ ሳለ ጥጥ ለቀማ ስለሄደበት ቀን አወራችኝ። የውጭ አገር ተማሪዎቹንም ይወስዷቸው ነበር፤ አባቴ ሰነፍ ለቃሚ ነው። የተመደበለትን ኪሎ ለማሟላት ከጥጡ ሥር ትልቅ ሐብሐብ ደብቆ ወደ ሚዛኑ ሄደ። ሚዛን የሚይዙት ሽማግሌ ጆንያውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ ወደ አባቴ ቀና አሉ፣ ሐብሐቡን አወጡት፣ ቢላዋቸውንም አወጡ። የእኔ አባት! ያ "እም" የሚለው ሰው፣ ጆንያ ውስጥ ሐብሐብ የሚደብቅ ወጣት! ይህንን እሷ ካወቀችው ስንት ዓመት ሆኗታል፣ እኔ ሠላሳ ልደፍን ስንደረደር ገና መስማቴ ነው። ቅናቱ እንደ ድሮው ተነሳብኝ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ይበልጥ አስጠጋሁት።

"ከዚያስ?" አልኳት።